ሱቁ ቤቱን ሲሸከም፦ ስለ ሰፈር አሠራር ከታሪክ የምንማረው



 

ውድ አንባቢ፣ ይህችን የመታሰቢያ መጽሔት ሲገልጡ ስለ መስጊድ ሚናራና ስለ ግንባታው ወጪ የሚተርክ ጽሑፍ ይጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን ዓይንዎን ከሚናራው ትንሽ ዝቅ አድርገው በዙሪያው ያሉትን ቤቶችና ሱቆች እንዲመለከቱ ልጠይቅዎ ነው። ሱብሒ ላይ የመጀመሪያውን ሰፍ የሚሞላው አዛን ሰምቶ በእግሩ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ያ ጎረቤት የቤት ኪራይ ከብዶት ወደ ከተማው ዳር ሲወጣ፣ ወይም ሰፈሩ ፈርሶ ሕዝቡ ሲበተን፣ የመስጊዱ ግድግዳ እንደቆመ ቢቀርም ጀመዓው እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ሰፈር እንዴት ይሠራል የሚለው ጉዳይ ለመሐንዲስና ለከተማ ሹም ብቻ የሚተው አይደለም፤ የእኛም ጉዳይ ነው።

ጥያቄው ሁለት ነው። ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው ከሥራው፣ ከገበያውና ከመስጊዱ ሳይርቅ እንዴት ቤት ያገኛል? ቤቱን ካገኘ በኋላስ ጣሪያው ሲያፈስና ግንቡ ሲሰነጠቅ የሚያድሰው ማን ነው? ቀደምት ሙስሊሞች ይህን ጥያቄ ገና ከሂጅራው የመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ተጋፍጠውታል። ዘመን በዘመን ላይ ሲተካ ያገኙት መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ መኖሪያው፣ ሱቁና የጋራው ቦታ ሳይነጣጠሉ ይሠሩ፤ የሱቁም ገቢ ቤቱን ይሸከም። ከመዲና ተነስተን፣ በካይሮና በሐረር አልፈን፣ አዲስ አበባ ስንደርስ ይህ መልስ የት እንደተያዘና የት እንደተጣለ አብረን እንመለከታለን።

የመጀመሪያው የቤት ችግር

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እ.ኤ.አ. በ622 ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ፣ ከእርሳቸው ጋር የተሰደዱት ሙሃጂሮች ቤታቸውንና ንብረታቸውን ትተው የመጡ ነበሩ። መዲና በአንድ ጊዜ ቤት የሌለው ሕዝብ በዛባት። መልሱም በሦስት በኩል መጣ። አንደኛው ወንድማማችነቱ ነው፤ እያንዳንዱ ሙሃጂር ከአንድ አንሷር ጋር ተወዳጅቶ በቤቱና በኑሮው እንዲካፈል ተደረገ። ሁለተኛው መስጊዱ ነው፤ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመኖሪያ ክፍሎች ከመስጊዱ ጋር ተያይዘው ሲሠሩ፣ ከመስጊዱ በአንደኛው በኩል ሱፋ የተባለ ጥላ ያለው ቦታ ተዘጋጅቶ ቤትም ዘመድም የሌላቸው ሰሓባዎች ይጠለሉበት ነበር። ሦስተኛው ገበያው ነው፤ ለሙስሊሞች የሚሆን የገበያ ቦታ ተለይቶ፣ በዚያ የሚነግድ ሰው ግብር እንዳይጠየቅ ተደረገ።

አንባቢ ሆይ፣ ሦስቱን ነገሮች አብረው ይመልከቷቸው። መጠለያው ብቻውን አልተሰጠም። መጠለያ ያገኘው ስደተኛ በእግሩ ሄዶ የሚሠራበት ገበያ ነበረው፤ በቀን አምስት ጊዜ ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኝበት መስጊድ ነበረው። ዓብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) አንሷሩ ወንድማቸው ሀብታቸውን ሊያካፍሏቸው ሲነሱ፣ አመስግነው ገበያው ወዴት እንደሆነ መጠየቃቸው የታወቀ ታሪክ ነው። ቤት ያለ ሥራ የማይዘልቅ መሆኑን እኚህ ሰሓባ ገና ከጅምሩ አውቀውታል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ17 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 638)፣ በኸሊፋው በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን በኢራቅ ምድር የኩፋ ከተማ ስትቆረቆር ይኸው አሠራር በዕቅድ ደረጃ ታየ። ታሪክ ጸሐፊው ጦበሪ እንደዘገበው መጀመሪያ የተለካው የመስጊዱ ቦታ ነበር። ከዚያ መንገዶቹ 40፣ 30 እና 20 ክንድ ስፋት እንዲኖራቸው፣ የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያዎቹ ደግሞ ከ7 ክንድ እንዳያንሱ ተወሰነ። የሸምበቆ ቤቶቹ በእሳት ከተቃጠሉ በኋላ ሕዝቡ በጡብ ለመሥራት ሲጠይቅ፣ ዑመር (ረ.ዐ.) ማንም ከሦስት ክፍል በላይ እንዳይሠራና በግንብ ከፍታ እንዳይፎካከር አዘዙ። ገበያውም እንደ መስጊድ ይሁን ተባለ፤ ቀድሞ የመጣ ሰው ሸጦ እስኪነሳ ድረስ ቦታው የእርሱ ነበር እንጂ ቋሚ ባለቤት አልነበረውም። የጋራው መሬት በጥቂቶች እጅ እንዳይገባ የተደረገ ጥንቃቄ ነበር።

ዋናው ይያዝ፣ ፍሬው ይሰጥ

ይህ ሁሉ በጎ ቢሆንም አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። በጎ ሰው ይሞታል፤ በጎ ገዥም ይሻራል። ታዲያ በጎው ሥራ ከሰውየው ዕድሜ እንዲያልፍ ምን ይደረግ? መልሱ ወቅፍ ነው።

ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን ውድ መሬት ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያማክሩ፣ ዋናውን መሬት ይዘው ፍሬውን ሶደቃ እንዲያደርጉት ተመከሩ። መሬቱ አይሸጥም፣ በስጦታ አይሰጥም፣ አይወረስም። ምርቱ ግን ለድሆች፣ ለዘመዶች፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ ይውላል። የሚያስተዳድረውም ሰው ለድካሙ በመጠኑ ሊበላ ይፈቀድለታል። ይህ ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ዘንድ የሚገኝ ሲሆን የወቅፍ ሕግ ሁሉ መሠረት ነው።

ወቅፍ ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ሐሳባችን የሚመጣው መስጊድና የመቃብር ቦታ ብቻ ነው። ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ወቅፍ ከሰሓባዎች ዘመን ጀምሮ ነበር። ቡኻሪ እንደሚነግሩን ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ቤቶቻቸውን ወቅፍ ሲያደርጉ፣ ከሴት ልጆቻቸው መካከል ትዳሯ ፈርሶ የተመለሰች ብትኖር ሳትጎዳም ሳትጎዳቸውም በቤቱ እንድትኖር፣ ባል አግብታ ስትብቃቃ ግን መብቱ እንዲቀር አድርገው ነበር። የዑመር ልጅ ዓብዱላህም (ረ.ዐ.) ከአባታቸው ቤት የደረሳቸውን ድርሻ ከቤተሰቡ ለተቸገሩት መኖሪያ አደረጉት። ቤቱ ለማን፣ እስከ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ ያን ጊዜ እንኳ በግልጽ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው።

ቆይቶ የፊቅህ ሊቃውንት አንድ ታላቅ ደንብ አጸኑ። ከወቅፍ ገቢ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው የወቅፉ ማደሻ ነው። ወቃፊው በጽሑፍ ባያሰፍረው እንኳ ከድሃውም፣ ከኢማሙም፣ ከመምህሩም በፊት ጣሪያው ይታደሳል። ይህ በሐነፊ መዝሀብ በግልጽ የሰፈረ ነው። ለሚስኪን ከመስጠት በፊት ግንብ ማደስ ለጊዜው ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ግን ግንቡ ከወደቀ በሚቀጥለው ዓመት ለሚስኪኑ የሚሰጠው ነገር አይኖርም። ይህችን ደንብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመለስ ታስፈልገናለች።

ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቤት

የዚህ ደንብ ፍሬ በዓይን የሚታይበት ከተማ ካይሮ ነው። ካይሮ እ.ኤ.አ. በ969 በፋጢሚዮች ተቆርቁራ፣ በማምሉኮች ዘመን ከዓለም ታላላቅ ከተሞች አንዷ ለመሆን በቃች። ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚያቋርጠው የአል-ሙዒዝ ጎዳና ቢሄዱ በግራና በቀኝ መስጊድ፣ መድረሳ፣ የውሃ መጠጫ፣ ሱቅና መኖሪያ ተደባልቀው ያገኛሉ። ሰቢል ኩታብ የሚባለውን ሕንፃ ብቻ ብንወስድ፣ ከታች ለመንገደኛው ሁሉ በነፃ ውሃ የሚቀዳበት፣ ከላይ ሕፃናት ቁርኣን የሚቀሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1744 የተሠራው የዓብዱረሕማን ከትኹዳ ሰቢል ኩታብ በሁለት መንገዶች መገናኛ ላይ ቆሞ ዛሬም ይታያል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ወካላና ረብዕ የሚባሉት ናቸው። ወካላ ማለት መካከሉ ግቢ ሆኖ፣ በዙሪያው የነጋዴዎች መጋዘንና ሱቅ ያለበት ሕንፃ ነው። ረብዕ ደግሞ በወካላው ወይም በተደረደሩት ሱቆች ላይ የሚሠራ የኪራይ መኖሪያ ነው። ሱልጣን ቃንሱህ አል-ገውሪ እ.ኤ.አ. ከ1504 እስከ 1505 ያሠሩት ወካላ ከአዝሀር መስጊድ አጠገብ አሁንም ቆሟል። ከታች ያሉት ሁለት ፎቆች ለንግድ ናቸው። ከእነርሱ በላይ ያለው ረብዕ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ወደ ላይ በሦስት ደረጃ ተሠርቶ፣ ቤተሰቡ በራሱ ውስጣዊ ደረጃ ከታች ክፍል ወደ ላይ ክፍል ይወጣል። እንዲህ በመደረጉ በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ቤተሰብ ሰፍሯል። የነዋሪዎቹ መግቢያ ከነጋዴዎቹ በር የተለየ ነበር፤ ስለዚህ የገበያው ግርግር የቤተሰቡን ክብር አይነካም። ወካላው የሱልጣኑ ወቅፍ ስለነበረ ገቢው በዚያው አካባቢ ላሠሩት መስጊድና መድረሳ ይውል ነበር።

ከባብ ዙወይላ በር ወጣ ብሎ የሚገኘው የሪድዋን በይ ገበያ ደግሞ ከ1650 ገደማ ጀምሮ ያለ ነው። መንገዱ በጣሪያ የተሸፈነ፣ ሱቆቹ በሁለት ወገን የተደረደሩ፣ ከላያቸው መኖሪያ ያለባቸው ናቸው። ዛሬ የድንኳን ሠሪዎች ገበያ እየተባለ ይጠራል፤ በእጅ የሚሰፋ ጌጠኛ ጨርቅ እስካሁን ይሸጥበታል። የእጅ ባለሙያው ከቤቱ ወርዶ ሱቁ ይገባል፤ አዛን ሲል ከሱቁ መስጊድ ይደርሳል። ከእነዚህ የረብዕ ቤቶች ብዙዎቹ ኩሽና አልነበራቸውም። ሕዝቡ ምግቡን ከመንገድ ዳር አብሳዮች ይገዛ ነበርና፣ የኩሽናው ሥራ ራሱ ለሌላው ሰው እንጀራ ሆነ።

እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልግም። ረብዕ የሁሉ ድሃ መጠጊያ አልነበረም። በአብዛኛው የሚከራዩት የእጅ ባለሙያዎችና ትናንሽ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ በታች ያሉት እጅግ ድሆች ሐውሽ በሚባሉ ግቢዎች ውስጥ በደሳሳ ጎጆ ይኖሩ ነበር። ሆኖም ግን ግንብ የመሥራት አቅም የሌለው ሸማኔ ወይም ጫማ ሰፊ በከተማው መካከል፣ ከሥራው ደጃፍ ላይ፣ በኪራይ ለመኖር መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም።

የወቅፍ ድካም

ወቅፍም ቢሆን የሰው እጅ የገባበት ሥራ ነውና ድካም ነበረው። ናዚሩ ማለትም አስተዳዳሪው አማና ሲያጎድል ገቢው በእጁ ይቀራል፤ ጣሪያውም ይፈርሳል። የፈረሰውን ወቅፍ በሌላ መለወጥ በችግር ጊዜ የተፈቀደ ነበርና፣ ይህን ፈቃድ ተገን አድርገው ሹማምንት ጤነኛውን ቤት ፈርሷል እያሉ በርካሽ የወሰዱበት ዘመን አለ። ለረጅም ዓመታት የተሰጠ ኪራይም ውሎ አድሮ ባለቤትነት እየመሰለ ወቅፉን ይበላው ነበር። በመጨረሻም መንግሥታት ራሳቸው እጃቸውን አስገቡ፤ በግብፅ እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው ቁጥር 180 ሕግ የቤተሰብ ወቅፍ የሚባለው እንዲቀር ተደረገ።

ሌላም ምሳሌ ከኢስታንቡል እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1918 በተነሳው ታላቅ እሳት ብዙ ሺህ ቤቶች ሲቃጠሉ፣ አርክቴክት ከማለዲን በይ ላለሊ በሚባለው ሰፈር ለእሳት ተጎጂዎች የሚሆን ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ያለው ሕንፃ አሠሩ፤ በ1922 ተጠናቀቀ። ስሙም የእሳት ተጎጂዎች መኖሪያ ተባለ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ሕንፃው ወደ አንድ የአውሮፕላን ማኅበር ተላልፎ ስሙ ተቀየረ፤ ቆይቶም ሆቴል ሆነ። አሠራሩ ግሩም ነበር፤ ቤቶቹ ለማን እንደሆኑ ጸንቶ እንዲቆይ የሚያደርግ ማሰሪያ ግን አልነበረም። ጥሩ ፕላን ያለ ጥሩ ደንብ እንደማይዘልቅ ከዚህ ይማሯል።

የሐረር ሰፈር

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ለዚህ ጉዳይ ሩቅ መሄድ የማያስፈልግ መሆኑን የምታሳየን ሐረር ናት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ያስገነቡት ጀጎል አምስት በሮች አሉት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 አዋጮች እንዳሏት ጠቅሷል። ይህ ሁሉ የሚገኘው 48 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ ነው። በዚህ ስሌት ከየትኛውም ቤት የወጣ ሰው ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ መስጊድ ያገኛል። መስጊዶቹ አብዛኞቹ ትናንሽና የሰፈር ናቸው፤ ጀምዓው የጎረቤቱ ጀምዓ ነው።

የሐረሪ ቤት ከመንገዱ በግንብ ተከልሎ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞራል። በግቢው ውስጥ ከአንድ በላይ ቤተሰብ ጎን ለጎን ይኖራል። በውስጥ በኩል ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች እንግዳውም ባለቤቱም በየደረጃው የሚቀመጡባቸው ናቸው። ከግቢው ሲወጡ ግን መንገዱ ሥራ ነው፤ መኪና ግርግር የተባለው ጎዳና ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። ሠርግና ሐዘን ሲመጣ ደግሞ አፎቻ አለ። በሐረር ቤቱ፣ ሥራው፣ መስጊዱና መረዳጃው በአንድ የእግር መንገድ ላይ ናቸው። ሰፈር ማለት ይህ ነው።

አዲስ አበባ፦ ሦስት ዘመን፣ ሦስት አሠራር

በአዲስ አበባ የኛ ሕዝብ ታሪክ ከመርካቶ ጋር የተያያዘ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የጣሊያን አስተዳደር ሕዝቡን በዘር ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ፕላን፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዞረው። መርካቶ እንዲህ ተወለደ፤ ታላቁ አንዋር መስጊድም በዚያው አካባቢ ቆመ። የፕላኑ ሐሳብ መለያየት ነበር። ሕዝቡ ግን ሰፈሩን በራሱ መንገድ ሠራው። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ፣ በጎን መጋዘን፣ ከግቢው በር ወጣ ሲሉ መስጊድ ሆነ። ካይሮን ያላየ ነጋዴ የካይሮን አሠራር በጭቃና በቆርቆሮ ደገመው።

ሁለተኛው ዘመን በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የመጣው ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የሃይማኖት ድርጅቶች በኪራይ ይጠቀሙባቸው የነበሩ ቤቶችም ከዚህ አልተረፉም። የቤት ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። ለተከራዩ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ድሃ ቤተሰብ በከተማው መካከል፣ ከሥራውና ከዘመዱ ሳይርቅ ልጆቹን ያሳደገው በዚህ ኪራይ ነው። እድሩም፣ እቁቡም፣ ጀምዓውም የቆመው ሕዝቡ በቦታው ስለቆየ ነው።

ነገር ግን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ የጠየቅሁትን ደንብ ያስታውሱ፤ መጀመሪያ ማደሻው! የቀበሌው ኪራይ ከጥቂት ብር አልዘለለም። ከዚህ ገንዘብ ቆርቆሮ አይገዛም፣ መጸዳጃ አይመጠጥም። ሱቁ ከቤቱ ተለይቶ ሌላ ሒሳብ ሆነ፤ ቤቱን የሚሸከም ነገር ጠፋ። ተከራዩም ነገ የእኔ ይሁን አይሁን አላውቅም ብሎ ግንቡን ትቶ ጠበቀ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላ ጭቃው ረገፈ፣ ጣሪያው ዘመመ። ርካሽ ኪራይ ብቻውን ቤት አያቆምም። የመጣው የማፍረስ ዘመን በር የተከፈተለት በዚህ በኩል ነው።

ሦስተኛው ዘመን የኮንዶሚኒየም ነው። በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ወጣ። በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ የሙከራ ግንባታው ታየ፤ ከዚያም በጎተራ፣ በጀሞ፣ በአያት፣ በልደታ፣ በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬና በሌሎችም ቦታዎች ቀጠለ። ቤቱ በዕጣ ይሰጣል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ቅድሚያውን ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር ይከፍላል። በምድር ቤት ያሉት የንግድ ቤቶች ደግሞ በጨረታ ተሸጡ፤ ከእነርሱ የተገኘው ትርፍ የመኖሪያ ቤቶቹን ዋጋ እንዲያቀል ታሰበ። ሕዝቡ ኮሚናል የሚለውም ሕንፃ እንጀራ መጋገሪያ፣ በግ ማረጃና ልብስ ማጠቢያ እንዲሆን ተሠራ።

ፍትሕ ይሁን ካልን ይህ አሳብ መልካም ነው። ሱቁ ቤቱን ይሸከም የሚለው የጥንቱ ምክር በውስጡ አለበት። የብዙ ወገኖቻችን ልጆች በራሳቸው በር ገብተው በራሳቸው ቁልፍ የቆለፉት በዚህ ፕሮግራም ነው። ልዩነቱ የቱ ላይ ነው ቢሉ፣ ሱቁ ቤቱን የተሸከመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በጨረታ የተሸጠ ሱቅ ገንዘቡን አንዴ ሰጥቶ ያበቃል። የካይሮው ሱቅ ግን በየዓመቱ ለማደሻው ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የሕንፃው ጣሪያ ሲያፈስ፣ የደረጃው መብራት ሲጠፋ፣ የውሃው ፓምፕ ሲቃጠል ነዋሪው ከኪሱ ማዋጣት አለበት፤ የሚያዋጣውም የሚቻለው ብቻ ነው። ኮሚናሉም በብዙ ቦታ ከታሰበለት ሥራ ውጭ ሆነ።

የርቀቱም ነገር አለ። ከጀምዓችን ስንቱ ነው ዕጣ ወጥቶለት ደስ ብሎት ከሄደ በኋላ፣ ወደ መርካቶ ለመመላለስ ሁለት ታክሲ እየያዘ፣ ኑሮው አልመች ሲለው ቤቱን አከራይቶ እንደገና ወደ መሀል ከተማ በኪራይ የተመለሰው? ስንቷ እናት ናት የጉሊት ሥራዋን ትታ አራተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠችው? ቤቱ ተገኝቷል፤ ሰፈሩ ግን ከቤቱ ጋር አብሮ አልተሰጠም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከሌሎችም ነባር ሰፈሮች ብዙ ሕዝብ ተነስቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ይህ ተከራዩን ይጠብቃል። ጣሪያውን የሚያድስ፣ ጎረቤቱንም ከጎረቤቱ ጋር የሚያቆይ ደንብ ግን ገና ይቀረናል።

ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢ፣ ታሪክ የሚነበበው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ከተማ መታደሱ አይቀርም፤ እኛም የምናዋጣው አለን።

በመጀመሪያ፣ በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች የሕንፃችሁን የባለቤቶች ማኅበር ስብሰባ አትሽሹ። በዚያ ስብሰባ የጋራው ቦታ ቢከራይ ገቢው መጀመሪያ ለማደሻ ይሁን ብላችሁ በቃለ ጉባኤ አስጽፉ። ጎረቤታችሁ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ጣሪያው አንድ ነው። የጎረቤት ሐቅም ለሁሉ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ሲጠና ተጠርተን የምንናገረው ስለ ካሳ ብቻ አይሁን። ከታች ሱቅ ይኑር፤ የጉሊት ቦታ ይኑር፤ አብረው የኖሩ ሰዎች አብረው ይስፈሩ፤ የጸሎት ቦታ፣ ትምህርት ቤትና ውሃ በእግር የሚደረስ ይሁን ብለን እንጠይቅ። ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ የሰፈር መሠረት ነው።

ሦስተኛው ለኮሚቴዎቻችን ነው። በብዙ መስጊዶቻችን አጥር ዙሪያ ሱቆች አሉ። እነዚህ ሱቆች የኛ ወካላዎች ናቸው። የእያንዳንዱ ሱቅ ገቢ ለምን እንደሚውል በጽሑፍ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ለማደሻ፣ ቀጥሎ ለመስጊዱ አገልግሎት፣ ከዚያም የቤት ኪራይ ላቃታት ባል የሞተባት እናትና ለየቲሞች የተወሰነ ድርሻ ይሁን። ሒሳቡ በየዓመቱ ለጀምዓው ይነበብ። ወቅፍን የገደለው ጠላት ብቻ ሳይሆን ያልተነበበ ሒሳብም ጭምር ነው። የሱቁ ተከራይም ወንድማችን ነውና ኪራዩ ከማደሻውና ከአገልግሎቱ ጋር ይመዛዘን እንጂ ከገበያው ጋር አይሽቀዳደም። አቅም የፈቀደለትም ምእመን መሬትና ፈቃድ ሲገኝ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ወቅፍ ማድረግን ይነይት። ሚናራ የሚያሠራ ሰው አናጣም፤ ከሚናራው ሥር ሰው የሚያኖር ግን ያንሰናል።

ሱልጣን አል-ገውሪ እ.ኤ.አ. በ1516 በመርጅ ዳቢቅ ጦር ሜዳ ሞቱ፤ መንግሥታቸውም በዓመቱ ጠፋ። ከገበያው በላይ ያሠሩት ቤት ግን አምስት መቶ ዓመት አልፎት ቆሟል። የኛስ ምን ይቆማል? የዛሬ ሃምሳ ዓመት ይህን መስጊድ የሚያስታውሱ ሰዎች በሱብሒ ሰዓት በእግራቸው የሚመጡ ጎረቤቶች ይሆኑ ዘንድ፣ ወይስ ከሩቅ ሆነው ድሮ እዚህ ነበርን የሚሉ እንግዶች ብቻ ይሆኑ? መልሱ ከአላህ (ሱ.ወ.) ፈቃድ በታች በእኛ እጅ ነው።

አላህ ቤት ላጣው ቤት፣ ለሚከራየው ሐላል ገቢ፣ ላከራየው ርኅራኄ፣ ለአስተዳዳሪው አማናን ይስጥ። ሰፈራችንን የሰላም ሰፈር ያድርግልን። አሚን።